ልጆቻችንን ለሚመጣው ሥራ ስለ ማሰናዳት

ልጅን ማስተማር የወላጅ ዕዳ መሆኑን የማያውቅ የለም። የሚያስቸግረው ግን ምን ብናስተምረው ነገ እንጀራ ያገኝበታል የሚለው ጥያቄ ነው። በአባቶቻችን ዘመን የገበሬ ልጅ ከአባቱ እጅ እርፍ ይቀበል ነበር፤ ዳዊት የደገመው ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት፥ ቁርዓን የቀራውም ወደ ኪታብ ይሻገር ነበር። አንድ ጊዜ የያዙት ሙያ እስከ ዕለተ ሞት ያኖር ነበር። ዛሬ ግን ሥራ ራሱ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ መልኩን ይለውጣል።

ይህንን ለመረዳት ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ ወደ መካነ ሰላም መመልከት ይበቃል። በቦረና፥ በሳይንትና በወግዲ መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ኖሮ ለብዙ ወጣት የሚደርሰው ድርሻ በሬ የማያዞር ሆኗል። ስለዚህ ወላጅ ተስፋውን በደብተር ላይ ጣለ። የገጠሩ ልጅ በከተማ ከባልንጀሮቹ ጋራ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እናቱ ከጎተራዋ ቀንሳ የምትሰጠው ያ ስንቅ የታናናሾቹ ራት ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ግን የሚጠብቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ እርሱም የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ከተፈተኑት 845,000 ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 27,267፥ ማለት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያም የብዙ ትምህርት ቤቶችን ደጅ ዘጋ። እንግዲህ የቀሩት ልጆች ወዴት ይሂዱ?

የሙያ ትምህርት ቤት አለ ቢባል ብዙ ወላጅ እንደ ውርደት ይቈጥረዋል። ይህ አሮጌ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ይህ ነውር አገርን እንደሚጎዳ ስላወቁ ነው።

በመካነ ሰላም ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ የመቅደላ አምባን ስም ይዟል። ስሙም ታላቅ ትምህርት አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ወጣቶች ከፈረንጆች ጋራ እየሠሩ ጥበብ እንዲማሩ አድርገው ነበር። በዚያ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በብዙ ሰው ጕልበት ተጐትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ፈረንጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወጡ፤ ሥራውም ተቋረጠ። መድፉ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ አለ፤ የሚያቀልጠው እጅ ግን አልቀረም። መሣሪያ ብቻውን ዕውቀት አይሆንምና።

ዛሬም እንደዚሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነፃ ለማስተማር ጀምሯል፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መብራትና መገናኛ ለማይደርሰው የደጋ ልጅ ይህ በር ዝግ ነው። የዓለም የኢኮኖሚ መድረክ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ደግሞ፥ ሠራተኞች ከያዙት ችሎታ ከመቶ 39 ያህሉ እስከ 2030 በአውሮፓ አቈጣጠር እንደሚለወጥ ወይም እንደሚያረጅ አሠሪዎች ይገምታሉ። እንግዲህ የተማረ ማለት አንድ ጊዜ ጨርሶ የተቀመጠ ሳይሆን ዘወትር መማር የሚችል ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ልጃችሁ አጥርቶ ማንበብን፥ መጻፍንና ሒሳብን ይወቅ፤ መሠረት የሌለው ቤት ፎቅ አይሸከምም። ሁለተኛ፥ ወንድም ሴትም ብትሆን በእጅዋ የምትሠራው አንድ ሙያ ይኑራት፤ እንጨት ሥራ፥ የሞተር ጥገና፥ የከብት ሕክምና ወይም የኮምፒዩተር ሥራ ይሁን፥ ሁሉም ክቡር ነው። ሦስተኛ፥ በፈተና የወደቀውን ልጅ የሰነፍ ስም አትስጡት፤ ሌላ በር አሳዩት።

ሹማምንትም ሆይ፥ መዶሻ የሌለበት የሙያ ትምህርት ቤት ወረቀት እንጂ ባለሙያ አያወጣም። ሙያ በልብ ነው ይሉ ነበር አበው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በልብ ያለው ሙያ ወደ እጅ ካልወረደ ጎተራ አይሞላም።