ከፋብሪካ ምርምር ወደ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ

እኔ ቀድሞ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበርሁ ስሆን፤ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የምርምር ክፍል ከሠራሁ በኋላ ዛሬ በኮሌጅ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አሰናጅ ነኝ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ምርምሩን ትቶ ጠርሙስ ወደ ማጠብ ወረደ» ስለሚሉኝ የሥራውን ጠባይ ላስረዳ።

በፋብሪካው ማንም ያላወቀውን መልስ እንፈልግ ነበር። በኮሌጅ ግን መልሱ የታወቀ ነው፤ ድካሙ 30 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው እንዲደርሱበት ማድረግ ነው። ለምሳሌ፥ ለያንዳንዱ ተማሪ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለማዳረስ፥ ባለ 37 በመቶውን አሲድ 25 ሚሊ ሊትር ያህል ለክቼ በውሃ በማቅጠን 3 ሊትር አደርሰዋለሁ። ምን ጊዜም አሲዱ በውሃው ላይ ቀስ ተብሎ ይጨመራል እንጂ ውሃው በአሲዱ ላይ አይፈስም፤ ይልቁንም ሰልፈሪክ አሲድ ውሃ ሲያገኝ እጅግ ስለሚግል ተፈናጥሮ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል።

ከዚያም ተማሪው ፌኖልፍታሌን ባለበት አሲድ ላይ ቤዙን ጠብ ጠብ ሲያደርግ፥ በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ፈሳሹን ሮዝ ታደርገዋለች። ያሰናዳሁት አሲድ መጠኑ የተዛባ እንደ ሆነ ግን፥ በትክክል የሠራው ተማሪ እጁን ይጠራጠራል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ቤተ ሙከራ ስትገቡ መነጽራችሁን አድርጉ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም ሳታነቡ አትክፈቱ። የነገውን ተመራማሪ ዐይንና እምነት መጠበቅ ለኔ በቂ ማዕርግ ነው።