ጅቡን ማን አየው?

«ፊልም ሆኖ ለማየት የምትጓጓለት አስፈሪ ታሪክ የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣት ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር መጽሐፍ ይጠራል። ይህ ጸሐፊ ግን ከጣና ዳር ሆኖ የሚጠብቀው የአገር ቤት ታሪክ ነው፤ ይኸውም በቀን ሰው፥ በሌሊት ጅብ ይሆናል ስለሚባለው ሰው የሚወራው ነው።

ይህን ወሬ በልጅነቱ ሳይሰማ ያደገ የጎጃም ወይም የጎንደር ልጅ ያለ አይመስለኝም። በጽሑፍ ከቀሩት ውስጥ የሚያስደነግጠው ግን ኮፊን የተባለ፥ በትግራይ ብዙ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ የነገረው ነው። ታሪኩ በናትናኤል ፒርስ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1831 በለንደን ታትሟል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮፊን አሽከሮች አንዱ ቡዳ ነው እየተባለ ይታማል። አንድ ቀን ገና ሳይመሽ ወደ ጌታው ቀርቦ እስከ ነገ ጧት እንዲያሰናብተው ይለምናል፤ ይፈቀድለታል። ጌታው ፊቱን ወደ ሌሎቹ አሽከሮች ከመመለሱ፥ ያ ሰው ጅብ ሆነ እያሉ በጣት ያመለክቱታል። ቢመለከት ሰውዬው የለም፤ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ሰው የሚሸሽግ ዛፍም ቍጥቋጦም የለበትም። በማግሥቱ ሰውዬው ተመልሶ መጣ፤ ባልንጀሮቹ ሲከሱትም አጥብቆ አልካደም።

ለካሜራ ከዚህ የተመቸ ከወዴት ይገኛል?

በ2017 ዓ.ም. የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲቀርብ፥ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ያደገ ሁሉ የየራሱን ሰብለ ወንጌል በልቡ ይዞ ነበር የተቀመጠው። መልኳ እንደ ጠበቀው ባይሆንለት ቅር ቢለው ነው እንጂ የሚጎዳ ሰው የለም። የጅቡ ነገር ግን ከዚህ ይለያል።

አንባቢ ሆይ፥ ታሪኩን መለስ ብለህ ተመልከተው። ኮፊን ሰውዬው ሲለወጥ አላየም። ያየው ሰውዬው አለመኖሩንና የሚሮጠውን ጅብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የባልንጀሮቹ ቃል ብቻ ነው። ፊልም ግን መካከሉን ሊያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1981 «አሜሪካዊው ተኩላ ሰው በለንደን» በተባለው ፊልም፥ ሪክ ቤከር የሰው እጅ ሲረዝምና ጠጕር ሲያወጣ በደማቅ ብርሃን አሳይቶ የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬማ ኮምፒዩተሩ ይበቃል። ነገር ግን ያንን ፊልም ያየ የለንደን ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ተኩላ ይሆናል ተብሎ የሚታማ ጎረቤት አይጠብቀውም።

እኛን ይጠብቀናል። ቡዳ የሚባለው ቀጥቃጩ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናት። በጎንደር ዙሪያ ይህ ስም የተለጠፈው ይልቁንም ርስት ተነፍገው በእጃቸው ሥራ ባደሩት በቤተ እስራኤል ላይ ነበር። ማረሻውን ለገበሬው የሚሠራለት እርሱ፥ ጅብ የሚባለውም እርሱ! ማሰሮውን ከገበያ ገዝታ የምትሄደው እናት ልጇን ከሠሪዋ ዐይን ትሸሽጋለች። (አዲስ አበቤም የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ አሠራሩ ያልገባንን ጥበብ ለሰይጣን መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው።) ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጓዙ። ሐሜቱ ግን አብሮ አልተሳፈረም፤ ለቀሩት ባለ እጆች ቀረ።

እንግዲህ ፊልም ሠሪው ለውጡን ካሳየ፥ ለሐሜተኛው ምስክር ሆኖ ቆመለት ማለት ነው። ፍርሃት ይጎድላል የሚለኝ ቢኖር፥ እ.ኤ.አ. በ1942 ዣክ ተርነር ያዘጋጀውን «የድመት ሰዎች» ይመልከት። አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን በመዋኛ ውስጥ አለች፤ በግድግዳው ላይ ጥላ ያልፋል፥ የአውሬ ጕርምርምታ ይሰማል። ከዚህ የበለጠ የሚታይ ነገር የለም፤ ሆኖም ያስፈራል።

እኔ የምጠብቀው ፊልም ካሜራውን ከአሽከሩ ጋር የሚያስኬድ ነው። ፈቃድ ሲለምን ፊቱን እንየው። በጀርባው የሚንሾካሾኩትን እርሱ በሚሰማበት ጆሮ እንስማ። ሌሊቱን የት አደረ? የታመመች እናት ነበረችው፥ ወይስ ሰው ሳያየው የሚያሞቀው ምድጃ? ከሁሉ የሚከብደው የማግሥቱ ጧት ነው። ለምን አልካደም? ቢክድ የሚያምነው ስለሌለ ይሆን? ወይስ መፈራት፥ አሽከርነቱ ያልሰጠውን ክብር ሰጥቶት ነው? ይህን በፊቱ ብቻ የሚያሳይ ተዋናይ ከተገኘ፥ አዳራሹ ትንፋሹን ይውጣል።

ተዋናዩ ባሕር ዳርም ጎንደርም አይጠፋም። ጅቡን ግን ከሐረር ማስመጣት ሳያሻ አይቀርም፤ ከሰው እጅ መጉረስ የለመዱት እዚያ ናቸው። የእኛዎቹ ሌሊት ሌሊት ይጮኻሉ እንጂ ካሜራ ፊት ይቆማሉ ብዬ አልዋስላቸውም።