አንድ ድስት፣ አንድ ምድጃ፣ የሦስት ወር ኪራይ በሮቤ

«ሆቴል የበላሁበትን ሒሳብ አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ከቤት ኪራዩ በለጠ እኮ!» ይላል ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገው ወጣት። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ለሦስት ወር የኮንትራት ሥራ ባሌ ሮቤ ሄዶ ከአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ባልዲ ገዛ፣ በቃ። «ለሦስት ወር ደግሞ ምን ዕቃ ይገዛል?» አለ። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ጥብስ፣ ማታ ከጓደኛ ጋር ያገኘውን... ደመወዙ ወር ሳይሞላ አለቀና ከእናቱ ብር ማስላክ ጀመረ።

አንባቢያን፣ ይህ የእሱ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ሮቤና ጎባ እንዲህ ያለ እንግዳ የማያጣቸው ከተሞች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢው ሮቤ ነው፤ ሪፈራል ሆስፒታሉ ደግሞ ጎባ። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም ከዚያው አካባቢ አይርቅም። ተለማማጅ ነርስ አለ፣ አዲስ መምህር አለ፣ አዝመራ ሲደርስ እስከ አጋርፋና ገሰራ ማሳ ለማሳ የሚዞር የኮምባይነር ኦፕሬተር አለ። ሁሉም ለጊዜው ነው የሚከራየው። ሁሉም «ነገ ለምሄደው» ይላል። ሆድ ግን ነገ እሄዳለሁ ብሎ ዛሬ አይጾምም!

እርግጥ በኮንትራት የሚያበሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። ለሰነፍ ሰው (እኔን ጨምሮ) መጥፎ ዘዴ አይደለም። ችግሩ ወር ሙሉ አንድ ዓይነት ወጥ መብላት ነው። ከዚያ ደግሞ የእሁድ ማታው አለ፤ ቤቱ ይዘጋና በብስኩት ታድራላችሁ።

በቤት ለማብሰል የወሰነ ሰው እንጀራ እጋግራለሁ ብሎ አይነሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ቆጣሪው የጋራ በሆነበት ግቢ አከራዩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚጠሏችሁ። ከጎረቤት በፍሬ መግዛት ይሻላል። ደግሞ አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ የለመድነውን ጤፍ ብቻ እየፈለጉ ኪስን ማራቆት ምን ይባላል? ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ ቢሆንስ! ለቁርስ የስንዴ ቅንጬ በቂቤ፣ ለብርድ ቀን የገብስ ገንፎ፣ ሥራ ይዞት ለሚሄደው ደግሞ ጩኮ አለለት። ጩኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቂቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ ምድጃ አይፈልግም፣ ሳይበላሽም ይቆያል። ገበያ ስትወጡ ቢያንስ «ሜቃ?» ማለትን ልመዱ፤ በኦሮምኛ ስንት ነው ማለት ነው። የሻጯ ፊት ሲፈታ ታያላችሁ።

የአገሩ ከፍታ የሚያመጣውን ነገር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናቸው። እዚያ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ደርሶ ሳይሆን 91 ወይም 92 ላይ ነው። ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። ወጣቱ ከድሬዳዋ ከመጣ የሥራ ባልደረባው ጋር ሽንብራ ጥደው ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እንደጠበቁ አጫውቶኛል። ባልደረባው «ሽንብራው አሮጌ ነው» ብሎ በማግሥቱ ከባለ ሱቁ ጋር ተጣላ። ባለ ሱቁ ምን አጠፋ? ሽንብራና ባቄላ ማታ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። ፕሬዠር ማብሰያ መዋስ የሚችል ሰውማ ተገላገለ። ያ ካልሆነ ሽሮና ምስር ይሻላል።

የድስቱ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። የወጣቱ አከራይ ሙስሊም እናት ናቸው። ገና እንደገባ «ልጄ፣ እስክትገዛ በዚህ ሥራ» ብለው አንድ ብረት ድስት አዋሱት። እሱ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ዕለት ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ገዝቶ በእሳቸው ድስት ጥብስ ጠበሰ፣ ከዚያ በሚገባ አጥቦ መለሰላቸው። ምንም አላሉም። በማግሥቱ ጠዋት ድስቱ የእሱ በር ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«መጀመሪያ የሰጡኝ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ አፈርኩ» ይላል።

ገበያ ወርዶ ያንኑ የሚያህል አዲስ ድስት ገዝቶ ወሰደላቸው። «እማማ፣ አላወቅኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። እሳቸውም ሳቁና «አንተስ ልጅ ነህ፣ ማን ነገረህ» ብለው ቡና ጠሩት። ነገሩ በዚህ አለቀ። ሁሉም አከራይ ግን እንዲህ አይስቅም። የክርስቲያኗም ቤት ቢሆን ያው ነው፤ በሁዳዴ በጾም ድስቷ ዕንቁላል የጠበሰባትን ተከራይ ምን እንደምትል መገመት ነው! ስለዚህ ከፍራሹም በፊት የራስ ድስት፣ የራስ ማማሰያና የራስ ቢላዋ ይገዛ።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ። ይህን ስጽፍ እጄ ቀለል አይለኝም።

ጎባ ለልምምድ የሄዱ ሁለት ሴቶች አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ የባሌን የኅዳር ሌሊት ያየ ያውቀዋል። መብራት ስለጠፋ ውጭ በከሰል ሽሮ ሠሩ፣ በሉ። ፍሙ ደግሞ ቀልቶ ያምራል። «ለምን ይባክናል?» አሉና ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገቡት። ብርድ እንዳይገባ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፉ። ተኙ።

ሌሊት አንደኛዋ ራሷን ሊፈልጣት ሲል ነቃች። ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳትና ከነወንበሩ ወደቀች። አከራይዋ የሰሙት ያንን የወንበር ድምፅ ነው። በሩን አስከፍተው ሁለቱንም እየጎተቱ ወደ ግቢው አወጧቸው። ወንበሩ ባይወድቅስ? «እኔ እኮ የጤና ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ የመለስኩት ጥያቄ ነው» ብላኛለች ያችው የወደቀችው ልጅ።

ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ኦክስጅን በሚይዘው የደማችን ክፍል ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይጣበቃል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ጎባ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ከመነሻውም የሚሳበው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ብዙ ሰው «ምች ነው፣ ብርድ ነው» ብሎ ብርድ ልብስ ይደርብና እዚያው ይተኛል። መውጣት ነው! በሩን በርግዶ ሰውየውን ንጹሕ አየር ላይ ማውጣት፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ኦክስጅን ወደሚሰጥበት መሮጥ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት አፉ ላይ ማንቆርቆር ያንቀዋል እንጂ አያድነውም።

ታዲያ ብርዱን በምን እንቻለው ትሉኝ ይሆናል። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በአምስት ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውኃ ይሞሉና ክዳኑን አጥብቀው፣ በፎጣ ጠቅልለው እግራቸው ሥር ይዘው ይተኛሉ። የከሰል ምድጃዋን ለአከራይዋ ሰጧቸው። እሳቸውም ከደጅ አያስገቧትም።

የሮቤው ወጣት ሦስት ወሩ ሲያልቅ ፍራሹን፣ ባልዲውንና የኤሌክትሪክ ምድጃውን ለሚቀጥለው ተከራይ በግማሽ ዋጋ ሸጠ። አከራዩ ለመንገድ አንድ ቆርቆሮ ጩኮ ቋጠሩለት። ድስቷን ግን አልሸጣትም፤ አዲስ አበባ ይዟት መጥቶ ሽሮ ይሠራባታል።