የጥብስ ቅጠልን የሚገድለው ጥማት አይደለም

በኮልፌ ግቢዎች ከጤና አዳሙና ከዳማከሴው ጎን የማይጠፋውን ተክል የምናውቀው በምጣድ ስሙ ነው፤ የጥብስ ቅጠል ወይም የሥጋ መጥበሻ እንለዋለን። ትንንሽ ሰማያዊ አበቦች የሚያወጣና በወጉ ከተያዘ ዓመታት የሚቆይ የአበባ ተክል መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ለአትክልት ባለሙያ ደጋግሞ የሚቀርበው ጥያቄም ስለ አበባው ሳይሆን ስለ መድረቁ ነው፤ ውኃ ሳይጓደልበት፣ ፍግ ሳይጓደልበት ለምን ሞተ? መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። የጥብስ ቅጠል በግቢያችን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በእንክብካቤ ብዛት ነው። አያያዙ ልክ መሆኑን የሚመሰክረውም ያ የዘነጋነው ሰማያዊ አበባ ነው።

ተክሉ የሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ በብርዱ ወራት ይጥላል፣ የሙቀቱ ወቅት ደረቅ ነው፣ ሥሩ የሚይዘውም ውኃ የማያቋጥር ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው ይህን ይረዳል፤ ጠባብ ነው፣ ጠርዙ ወደ ታች ተጠቅልሏል፣ ሆዱ ነጭ ጸጉር ለብሷል። ይህ ሁሉ ውኃ ለመቆጠብ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1100 እስከ 1200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በታች ባሉት ተዳፋት መንደሮች ውኃው ይወርዳል፤ መሬቱ ሜዳ፣ አፈሩም ዋልካ በሆነበት ግቢ ግን ይተኛል። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ፣ ውኃ በጠገበ አፈር ውስጥ ያለ ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ከጫፉ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ባለቤቱም ጥማት መስሎት ውኃ ይጨምርለታል፤ ተክሉን የሚጨርሰው ይህ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቦታ ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘውን ጥግ መምረጥ፣ አሸንዳ ከሌለው ጣሪያ ጠብታ ማራቅ፣ አፈሩን ከአሸዋና ከጠጠር ቀላቅሎ መደቡን ከፍ ማድረግ ይበቃል። በጣሳ ለሚተክል ሰው ቂጡን መብሳት ግዴታ ነው። እርጥብ ፍግ አያስፈልገውም፤ ፍግ የጠገበ ተክል ረዥምና ልል ቅርንጫፍ ያወጣል እንጂ አይጠነክርም፣ መዓዛውም ይሳሳል። ዘሩ ለመብቀል አስቸጋሪ ስለሆነ የሚራባው በቁራጭ ነው፤ አበባ ያልያዘ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ቅርንጫፍ የታች ቅጠሉ ተመልጦ አሸዋማ አፈር ላይ ይተከላል። ሁሉም ሰው ችግኝ የሚተክለው በሐምሌ ቢሆንም፣ ለዚህ ተክል መስከረም ይሻለዋል፤ ሥር የሚያበጀው ዝናቡ እየቀነሰ አፈሩ እየሞቀ ሲሄድ ነው።

የበጋችን ርዝመት የሚያሳስበው ሰው ይህን ምክር ሊቃወም ይችላል። ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተክል ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ፣ የጣሳ ተክል ደግሞ አፈሩ ጥቂት ስለሆነ ውኃ ይፈልጋሉ። ነገር ግን የሚወስነው ቀን መቁጠር ሳይሆን ጣት ነው፤ ጣት አፈር ውስጥ ገብቶ ደረቅ ካገኘ በደንብ ማጠጣት፣ እርጥበት ካገኘ መተው። መሬት ላይ ሥር የሰደደ ተክል ግን ያለ ዕለታዊ ውኃ በጋውን ይሻገራል።

ሌላው ተቃውሞ ከወጥ ቤት ይመጣል፤ የምንፈልገው ቅጠሉን ነው፣ አበባው ምን ያደርግልናል የሚል ነው። አበባው የሚወጣው በበሰለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ለጥብስ በየቀኑ የሚመለጥ ተክል አያብብም። በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አለመቁረጥ፣ ቅጠል ወደሌለው ደረቅ ግንድም አለመውረድ ያስፈልጋል፤ አሮጌው እንጨት እንደገና ለማቆጥቆጥ ይከብደዋል። አንዱን ጎን ለምጣድ፣ ሌላውን ለአበባ የተወ ሰው ቅጠልም አያጣም፣ ንብም ያገኛል። የደቡብ ፈረንሳይዋ የናርቦን ማር የታወቀው በዚሁ አበባ ነው። መጤ ነው የሚለውም ትችት ብዙ አያስኬድም። በራሱ እየተዘራ አገር በቀሉን አያፍንም፤ ከጦስኝ፣ ከበሶብላና ከዳማከሴ ጋርም አንድ ቤተሰብ ነው። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመራማሪዎች ሳልቪያ ከተባለው ወገን ቀላቅለውታል፤ የዚያ ወገን ዝርያዎች በደጋችን በዱር ይበቅላሉ።

ሰማያዊው አበባ እንግዲህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የአያያዝ ምስክር ነው። ሲታይ ሥሩ አየር እንዳገኘ፣ ፀሐዩ እንደበቃው፣ መቀሱም እንደታገሠው ይነግረናል። በዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ሳያብብ የሚቀር የጥብስ ቅጠል ያለው ሰው ጆጉን ከማንሳቱ በፊት ሥሩን ይመርምር።