ስለ አራስ ሕፃናት የሕመም ምልክቶችና ስለ መመዘኛቸው

ሰው ሁሉ ሕመሙን በአፉ ይናገራል፤ አራስ ሕፃን ግን የሚናገርበት ቃል የለውም። ረኃብም ሆነ ብርድ ወይም ደዌ ቢያገኘው ያለቅሳል። ይልቁንም ሕመሙ ሲጸናበት ልቅሶውን ትቶ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ተሻለው ብሎ ይዘናጋል። ስለዚህ ሐኪም በሌለበት ስፍራ የሕፃን ደዌ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ነገር ነው።

በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፥ የጤና ሠራተኛ በዓይኑ አይቶ፥ በእጁ ዳስሶና ቈጥሮ እንዲፈርድ የሚያስችል መመሪያ አወጡ። ኢትዮጵያም ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። ነገር ግን መመሪያው በመጀመሪያ የሚጀምረው ከአንድ ሳምንት ዕድሜ ነበር፤ ከአራሶች ሞት የሚበዛው ግን በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በባንግላዴሽ፥ በቦሊቪያ፥ በጋና፥ በሕንድ፥ በፓኪስታንና በደቡብ አፍሪካ ምርመራ ተደረገ፤ ውጤቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ታተመ። ዕድሜያቸው ሁለት ወር ያልሞላ 8,889 ሕፃናትን የጤና ሠራተኞች መረመሯቸው፤ የሠራተኞቹም ፍርድ ከሕፃናት ሐኪሞች ፍርድ ጋራ ተመዛዘነ። ከ31 ምልክቶችም እነዚህ ሰባቱ ተመረጡ፤

1ኛ፤ ጡት ለመጥባት መቸገሩ፤
2ኛ፤ ሰውነቱ በድንገት መንዘፍዘፉ፤
3ኛ፤ ካልነኩት በቀር አለመንቀሳቀሱ፤
4ኛ፤ በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መተንፈሱ፤
5ኛ፤ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል እጅግ ወደ ውስጥ መሰርጐዱ፤
6ኛ፤ የሰውነቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ፤
7ኛ፤ ሙቀቱ ከ35.5 ዲግሪ በታች መውረዱ።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ሊወሰድ ይገባል። ብዙ ሰው ደዌን በትኵሳት ብቻ ያውቃል፤ አራስ ሕፃን ግን ታሞ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እስትንፋሱም የሚቈጠረው ሳያለቅስ፥ ደቂቃው እስኪሞላ ድረስ ነው፤ የአራስ እስትንፋስ አንድ ጊዜ ፈጠን፥ አንድ ጊዜ ዘግየት ስለሚል፥ 60 ከደረሰ ዳግመኛ ይቈጠራል። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ሕፃን ወሰኑ 50፥ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ነው።

መመሪያ እንደ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ቢሰፋ ሻካራው ከዱቄቱ ጋራ ይወርዳል፥ ቢጠብም መልካሙ ዱቄት ከሻካራው ጋራ ይቀራል። በመጀመሪያው ሳምንት ዕድሜ፥ ሰባቱ ምልክቶች በጽኑ ከታመሙ 100 ሕፃናት 85ቱን አገኙ፤ 15ቱ አመለጡ። በጽኑ ካልታመሙት 100 ደግሞ 75ቱን በትክክል ለዩ፤ 25ቱን ግን ታማችኋል አሉ። እንግዲህ ከ1,000 ሕፃናት 100ው በጽኑ ታመዋል ቢባል፥ 85 ታማሚዎችና 225 ሌሎች፥ በድምሩ 310 ወደ ሆስፒታል ይላካሉ ማለት ነው።

በከንቱ መሄድ ገንዘብና ድካም ያስከፍላል፤ የሆስፒታሉንም አልጋ ያጣብባል። ታማሚውን ማሳለፍ ግን ነፍስ ያስከፍላል። ስለዚህ መመሪያው ወደ ጥንቃቄ ማዘንበሉ ተገቢ ነው። 15ቱም ስለሚያመልጡ፥ ደኅና ነው ተብሎ የተመለሰ ሕፃን ዳግመኛ እንዲታይ፥ እናቲቱም ምልክቶቹን ተምራ እንድትሄድ ያስፈልጋል።

ምልክቶቹ የሕመሙን ጽናት ይናገራሉ እንጂ ስሙን አይናገሩም፤ ስሙን መለየትና መድኃኒቱን መስጠት የባለሙያ ሥራ ነው። ጡት አልጠባ ያለውንም ሕፃን እንጥሉን ማስቈረጥ ደም መፍሰስንና መመርቀዝን ይጨምርበታል እንጂ ደዌውን አያርቅለትም። ቍጥር የተማረ ተማሪ ሰዓት ይዞ የታናሹን እስትንፋስ ሊቈጥር፥ ያየውንም ለወላጆቹ ሊነግር ይችላል፤ ትምህርት ለቤተ ሰብ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ይህ ነው።