አትክልትና ፍራፍሬ በአገር እርሻ ውስጥ ያላቸው ቦታ

የአገራችን ገበሬ «እህል» ሲል ጤፉን፣ ማሽላውንና ባቄላውን ማለቱ ነው። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ዱባውና ሎሚው ግን የጓሮ ሥራ ተብለው ለሴቶችና ለልጆች ይተዋሉ። የእርሻ ባለሙያዎች አትክልትን፣ ፍራፍሬን፣ ሥራሥርን፣ ቅመማ ቅመምንና አበባን በአንድነት የሆርቲካልቸር ሰብሎች ይሏቸዋል። እነዚህ ሰብሎች ከምግባችን ሲጠፉ ምን እንደሚከተል እኛ ባለንበት በምሥራቅ ሱዳን በግልጽ ታይቷል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ድንበር ተሻግረው በፋውና በሌሎች ካምፖች ተጠልለው ነበር። በእነዚያ ዓመታት በሱዳንና በሶማሊያ በነበሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ካምፖች ስከርቪ የተባለው በሽታ ታየ። ድድ ያደማል፣ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ መራመድ ይከለክላል። ራሽኑ በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነበር። ይህ ሆድ ይሞላል፤ ቫይታሚን ሲ ግን የለውም። በካምፑ የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር በሽታው ይበዛ እንደነበር፣ ሴቶችና አረጋውያንም ይበልጥ እንደተጠቁ በጥናት ተረጋግጧል። መድኃኒቱ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ገቢ ነው። ውሃ ካለ ትንሽ መሬት ላይ የተተከለ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም፣ በዚያው መሬት ከሚዘራ ማሽላ የበለጠ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል። በፎገራ ገበሬዎች የርብንና የጉማራን ወንዞች በፓምፕ እየሳቡ በበጋ ሽንኩርት ያመርታሉ። ችግኝ ማፍላት፣ ማዛወር፣ መኮትኮት፣ መልቀምና መለየት ብዙ እጅ ስለሚጠይቅ መሬት ለሌለውም ሥራ ይፈጥራል። በላይኛው አዋሽ ደግሞ የኑራ ኤራ ብርቱካንና የመርቲ ቲማቲም ፋብሪካ እርሻ ኢንዱስትሪን እንዴት እንደሚመግብ አሳይተዋል።

እዚሁ ፋው ማዕከሉ የሆነው የራሃድ መስኖ እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ ሲጀምር ዋነኞቹ ሰብሎች ጥጥና ኦቾሎኒ ነበሩ። ሆኖም ለአትክልትና ለፍራፍሬ የተለየ መሬት ተመድቦ ነበር። ቦዩን የሚሞላው ውሃ በአብዛኛው ከአገራችን የሚወርደው የጥቁር አባይ ውሃ ነው።

የእነዚህ ሰብሎች ድክመትም መታወቅ አለበት። ቶሎ ይበላሻሉ፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን ወደ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ የመትከያ ጊዜን ማፈራረቅና ማድረቅ ይጠቅማል። የሱዳን እናቶች ባምያን አድርቀው ዌካ አድርገው ዓመቱን ሙሉ ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ሲደርቅም ሆነ ብዙ ሲበስል ቫይታሚን ሲ ስለሚጠፋ፣ ትኩሱን ቅጠል ሊበሉት ሲሉ ከትፎ ለአጭር ጊዜ ብቻ ማብሰል ይሻላል።

በመጠለያችን ሰፊ መሬት ባይኖረንም ከዚር ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ጥቂት ችግኝ ያጠጣል። አፈርና ፍግ የተሞላ ጆንያም መደብ ይሆናል። በክረምት ባምያ፣ ሙሉክያና ዱባ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ጊዜ ደግሞ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን ይስማሟቸዋል። ጅርጅር በአንድ ወር ገደማ ይደርሳል። ሳሙና የነካውን ውሃ ግን በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ አናፍስስ።

አንድ እናት ዛሬ ከደጃፏ የምትቀነጥሰው ቅጠል የልጆቿን ድድና ዓይን ይጠብቃል። ሙያው ደግሞ ሸክም የለውም። ወደ አገራችን የምንገባበት ቀን ሲደርስ በኬላ ሳይፈተሽ አብሮን ይገባል።