ሰዓቱ ሲቀንስ ማን ይከፍለኛል? በሪያድ በሰዓት ለምትሠሩ እህቶች

ባለፈው ሳምንት ማታ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ አብረዋት የሚያድሩት እንዳይነቁባት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ነው የምታወራው። እኔም ስንት ሌሊት እንደዚያ አውርቻለሁና ወዲያው ገባኝ።

«እህቴ፣ በሰዓት ሦስት ቤት ነበር የምሠራው። ሁለቱ ለክረምት ወደ ውጭ ወጡ። አንዷ ብቻ ቀረችኝ፣ እሷም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትጠራኝ። ሥራ ለሌለው ሰው መንግሥት በየወሩ ሁለት ሺህ ሪያል ይሰጣል ይሉኛል። አንድ ሰው ደግሞ ሦስት መቶ ሪያል ስጪኝና ላስመዝግብሽ አለኝ። ልስጠው?»

አትስጪው አልኳት። ከዚያ ቀጥታ ደወልኩላትና አንድ ሰዓት ያህል አወራን። እዚህ የምጽፈው ያን ማታ ያወራነውን ነው፤ ይህን ጥያቄ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ አይደለችምና። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

የሁለት ሺህ ሪያሉ ወሬ መነሻ አለው። በ2011 ንጉሥ አብዱላህ በነበሩበት ጊዜ «ሀፊዝ» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ሥራ ለሚፈልጉ ሳውዲዎች በወር 2,000 ሪያል፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ። በ2014 ደግሞ «ሳነድ» የሚባለው የሥራ አጥነት መድን መጣ። ሳነድ ስጦታ አይደለም፤ ሳውዲው ሠራተኛ ከደመወዙ በየወሩ ትንሽ ይቆረጥበታል፣ አሠሪውም ያዋጣል። ሠራተኛው ያለ ጥፋቱ ከሥራ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የደመወዙን 60 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 50 በመቶ ያገኛል። ከ12 ወር አይበልጥም። እዚህም እዚያም እየሠራ ገቢ ማግኘት ከጀመረ ደግሞ ይቆማል።

ሁለቱም ለሳውዲ ዜጋ ብቻ ናቸው። ማዳም ከእህቷ ጋር ስለ ሀፊዝ ስታወራ የሰማሽው እውነት ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ወንድማቸው ልጅ ነው እንጂ ስላንቺ አይደለም። የአገሪቱ የማኅበራዊ መድን ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ስለዚህ «ላስመዝግብሽ» የሚልሽ ሰው የሚያስመዘግብበት ቦታ የለውም። ሦስት መቶ ሪያሉን ወስዶ ስልኩን ይዘጋል፤ የኢቃማሽን ፎቶ ከላክሽለት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው።

ሌላም የሚያሳስት ቁጥር አለ። ፌስቡክ ላይ «17,500 ሪያል ለውጭ አገር ሠራተኞች» የሚል ያያችሁ ትኖራላችሁ። ይሄኛው እውነት ነው፤ በጥቅምት 2024 የተጀመረ መድን ነው፣ ኩባንያቸው ደመወዝ መክፈል ላቃተው የውጭ ሠራተኞች። የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህም ውጭ ናት። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «እና ለኛ ምን አለን?» አለችኝ።

አለን። ስሙ የሥራ አጥነት አበል አይባልም እንጂ ሥራው ሲያልቅ ወይም ሲቀንስ በእጅሽ መግባት ያለበት ገንዘብ አለ። የመጀመሪያው ያልተከፈለሽ ደመወዝ ነው፤ በአረብኛ ራቲብ። ሁለተኛው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ነው፤ «ሙካፈአት ኒሃየት አል ኺድማ» ይሉታል፣ ስሙን በቃልሽ ያዢው። አንድ አሠሪ ጋ አራት ዓመት ሳታቋርጪ ከሠራሽ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ሦስተኛው ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ስትወጪ የመመለሻ ትኬት። በሐኪም ወረቀት የተረጋገጠ የሕመም ፈቃድም አለ፣ በዓመት እስከ 30 ቀን፤ ታመሽ የተኛሽበትን ቀን ከደመወዝሽ እየቆረጡ ከሆነ ይህንንም አንሺ። እነዚህ በ2013 በወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ደንቡ በኋላ ታድሶ አዲሱ በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ውሏል፣ የቀን ሥራም ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ሙሉ 24 ሰዓት እረፍት እንዲኖር ይላል።

አራት ዓመት ሠርቶ የአንድ ወር ደመወዝ! አዎ፣ ትንሽ ነው። ሳውዲው ከሥራ ወጥቶ በሦስት ወር ከሚያገኘው ያንሳል። እኔ ግን ተቀብዬዋለሁ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሪያድ የገባሁት በ2018 ነው፣ የውጭ አገር ሥራ እገዳው በተነሣበት ዓመት። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ኮንትራቴ ለአንድ ቤት ነው፣ ናሲም ሰፈር። በሦስተኛው ወር ማዳም ሐሙስ ሐሙስ ወደ ትልቋ ልጇ ቤት ትልከኝ ጀመር፣ ቀጥሎ ቅዳሜን ለሁለተኛዋ ጨመረች። ልጆቹ የጣሉትን አንድ ደብተር አንሥቼ በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ፦ ቀን፣ የማን ቤት፣ ስንት ሰዓት ገባሁ፣ ስንት ሰዓት ወጣሁ። ለምን እንደምጽፍ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ተናድጄ ነው የጻፍኩት። አራት ዓመት ከአምስት ወር ሠርቼ ልመለስ ስል አንዲት የሐረር ልጅ፣ ከጎረቤት ቤት ቆሻሻ ስናወጣ የምንገናኝ፣ «የአንድ ወር አለሽ፣ ጠይቂ» አለችኝ። ባባን ጠየቅኩት። ሳቀ፤ «ማን ነገረሽ?» አለኝ። ሕጉ ነው አልኩት፣ የአረብኛውን ስም ጠርቼ። ማታ ለወንድሙ ደወለ፣ በማግሥቱ 1,000 ሪያል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ስሙን በአረብኛ ባልጠራው ኖሮ የሚሰጠኝ አይመስለኝም።

የሐሙሱና የቅዳሜው ግን ቀረ። ጨርሼ፣ ልሄድ ሻንጣዬን ዘግቼ ነው ያነሣሁት፤ ያኔ ማን ይሰማኛል? በጊዜው ማወቅ የነበረብኝን አሁን ልንገራችሁ። ከ2017 ጀምሮ ያለው ደንብ አሠሪው ሳትስማሚ ለሌላ ሰው አሳልፎ ካሠራሽ፣ ወይም ደመወዝሽ ለሦስት ወር ካልተከፈለ፣ ተከታታይም ሆነ የተቆራረጠ ሦስት ወር፣ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር እንድትችዪ ያደርጋል። ሐሰተኛ የመጥፋት ሪፖርት ማድረግም እንደዚያው ነው። ይህ የሚሆነው ግን አቤት ስትዪ ነው፤ ዝም ካልሽ የሚያውቅልሽ የለም።

ስለዚህ «በሰዓት ነው የምሠራው» ስትዪኝ መጀመሪያ የምጠይቅሽ በማን ስም እንደሆነ ነው።

በሸሪካ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ኩባንያው ኢቃማሽን ይዞ በየቤቱ ለአራት ሰዓት፣ ለስምንት ሰዓት ይልክሻል። ሰዓቱን የገዛው ደንበኛው ነው፣ አንቺ ግን ወርሃዊ ደመወዝ ያለሽ የኩባንያው ሠራተኛ ነሽ። በረመዳን ተሯሩጠሽ በክረምት ቁጭ ብትዪም ኮንትራትሽ ላይ የተጻፈው የወር ደመወዝ ነው የሚከፈልሽ። «ደንበኛ ስላልነበረ በዚህ ወር ግማሽ ነው» ሲሉሽ ኮንትራቱን አውጪና ቁጥሩን አሳዪ። አንዳንዷ «እውነታቸውን ነው፣ እኔም አልሠራሁም» ትላለች። ተዘጋጅተሽ ክፍልሽ ውስጥ ስትጠብቂ የዋልሽው ቀን የነሱ ቀን ነው።

በቤት ኮንትራት ከሆነ ደመወዝሽ በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲገባልሽ ጠይቂ። የሙሳነድ ደመወዝ ጥበቃ በሐምሌ 2024 በአዲስ ኮንትራቶች ተጀምሮ፣ እስከ ጥር 2026 ሁሉንም አሠሪዎች እንዲያዳርስ በየደረጃው የወጣ ነው። በእጅ የተሰጠ ብር ወሬ ነው፤ በባንክ የገባ ግን አንቺ ባትናገሪም ይናገርልሻል። ያልተቀበልሽውን «ተቀብያለሁ» ብለሽ እንዳትፈርሚ፣ ስልክሽ ላይም እንዳትጫኚ። ከየካቲት 2024 ወዲህ በሙሳነድ የገባሽ ከሆነ ኮንትራትሽ መድን አለው። አሠሪሽ ቢሞት ወይም አካል ጉዳት ደርሶበት መክፈል ቢያቅተው ለቀረው ደመወዝሽ የሚጠየቀው እሱ ነው። ባባ ሞቶ ቤተሰቡ ሲበተን ባዶ እጃቸውን የወጡ አውቃለሁና ይህችን አትርሱ።

ሦስተኛው የደወለችልኝ እህት ነገር ነው፣ የብዙዎቻችሁም። ኢቃማዋ በአንድ ካፊል ስም ነው። እሱ ግን ቤቱ አስገብቷት አያውቅም፤ «ውጪ ሥሪ፣ በየወሩ ለኔ ክፈዪ» ብሏት ማንፉሃ ከአምስት ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሦስቱም ቤቶች ወረቀት የላቸውም። እዚህ ላይ ማባበል አልችልም። ለራስ መሥራት በሳውዲ ሕግ እስከ 50,000 ሪያል ቅጣት፣ እስከ ስድስት ወር እስርና ከአገር መባረር አለው። ሠራተኛውን ለቆ ውጪ የሚያሠራ አሠሪም እስከ 100,000 ሪያል ይቀጣል። እሱም ጥፋተኛ ነው፤ ግን ፖሊስ መንገድ ላይ የሚያገኘው አንቺን ነው። በግንቦት 2025 ሁሩብ የተደረገባቸው የቤት ሠራተኞች ወደ አዲስ አሠሪ እየተዛወሩ ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ የስድስት ወር ዕድል ተሰጥቶ ነበር፤ የተጠቀሙበት አሉ፣ ወሬ መስሏቸው ያለፉትም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ከደላላ ሳይሆን ከሙሳነድ ወይም ሪያድ ካለው ኤምባሲያችን ጠይቁ።

«ሌላ አገርስ ለኛ ዓይነቷ አበል አለ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው። አለ። ደቡብ አፍሪካ ከ2003 ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን በሥራ አጥነት መድን ውስጥ አስገብታለች። በወር ከ24 ሰዓት በላይ የምትሠራ ሁሉ ትመዘገባለች፣ አንድ በመቶ እሷ፣ አንድ በመቶ አሠሪዋ ያዋጣሉ። በተለያየ ቤት የምትሠራ ሴት አንዱ ቤት ቢያሰናብታትና ገቢዋ ቢወርድ፣ ሌላው ቤት እየሠራችም ቢሆን ልትጠይቅ ትችላለች። ማለትም ልክ የሷን ጉዳይ ሕግ አድርገው ጽፈውታል። ስፔንም በ2022 ለቤት ሠራተኞች ይህን መብት ሰጠች፣ ያውም የአውሮፓ ፍርድ ቤት መከልከላቸው አድልዎ ነው ካለ በኋላ። አገራችን ግን እንኳን ለቤት ሠራተኛ ለፋብሪካ ሠራተኛም የሥራ አጥነት መድን የላትም። «እንግዲያው ይቻላል ማለት ነው» አለችኝ። ይቻላል።

ወደ እሷ ልመለስ። ሁለት ነገር ተነጋገርን። አንደኛው ከወጡት ቤቶች አንዷ ማዳም የሁለት ሳምንት ሳትከፍላት መሄዷ ነው። በዋትሳፕ ጻፊላት አልኳት፣ ስድብም ልመናም ሳይኖርበት፦ «ማዳም፣ ባቂ ሊ ዒንዲክ ኡጅረት ኡስቡዓይን»፤ የሁለት ሳምንት ክፍያ አለኝ ማለት ነው። ከሥሩ የሠራችባቸውን ቀኖች እንድትዘረዝር ነገርኳት። ቀኖቹን አልጻፍኳቸውም አለች። የስልኳን የጥሪ ታሪክና የታክሲ መልእክቶቿን ይዘን ስምንቱን ቀን አንድ በአንድ አገኘናቸው። ፎቶ አንሥታ ለእህቷ ደሴ ላከች፤ ስልክ ቢጠፋም ወረቀቱ እንዳይጠፋ።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። የቀረችው አንዷ ማዳም፣ በሳምንት ሁለት ቀን የምትጠራት፣ እናቷ ስለታመሙ ሙሉ ጊዜ የምትሆን ሴት ትፈልጋለች። ኢቃማዋ አላለቀም፣ ሁሩብም አልተደረገባትም፤ አረጋግጠናል። በሙሳነድ ወደዚያች ማዳም መዛወር ትችላለች፣ ካፊሉ ከፈቀደ። ካልፈቀደ ደግሞ አንድ ሪያል ደመወዝ ከፍሏት የማያውቅ ሰው ነው፤ በሦስት ወሩ ደንብ አቤት ማለት ይቻላል። ግን ውጪ ስትሠራ መኖሯም አብሮ ስለሚነሣ አስቀድማ ኤምባሲው ሄዳ እንድትመክር ነገርኳት፣ ብቻዋን ወደ ቢሮ እንዳትሮጥ። የኮንትራትና የደመወዝ አቤቱታ ላላችሁ የሰው ኃይል ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ በሽምግልና ይታያል፣ ካልተስማሙ ወደሚፈርደው አካል ያልፋል። ስትደውሉ የኢቃማ ቁጥራችሁን፣ የአሠሪውን ስምና ያልተከፈለውን ወር ይዛችሁ ደውሉ።

«ነፃነቴን ልሸጥ ነው እንዴ?» አለችኝ ሙሉ ጊዜ ስለመግባት። ገባኝ። በሰዓት የምትሠራ ሴት በሩን ዘግታ የራሷ ፍራሽ ላይ ትተኛለች፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ግቢ ወይም አትግቢ አላልኳትም። ብትገቢ ግን የእረፍት ቀንሽንና ደመወዝሽ በባንክ እንደሚገባ መጀመሪያ ተነጋገሪ አልኳት።

ትናንት ደወለች። የሁለት ሳምንቱ 560 ሪያል ገብቶላታል፤ ማዳም «ረስቼው ነው» ብላ ልካለች። ካፊሉ ግን ለማዛወር 4,000 ሪያል ጠይቋል። እሑድ ጠዋት ኤምባሲ ትሄዳለች፣ የኮንትራቷን ኮፒ በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋዋለች።